የመሪጌታው ጉበኛ

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ሊሞቱ ሲሉ የተናገሯት ቃል የአስታ በር ቁስቋምን ዘበኛ ፈንታን ልታስገድለው ትንሽ ነው የቀራት።

ቃሏ አጭር ናት። የቅኔው መምህር ያን ሰሞን ቀን ሲያንቀላፉ ሌሊት ሲቃዡ ሰነበቱና፣ ሰኞ ማለዳ ዓይናቸውን ገልጠው «ጉበኛዬ ነቃ፤ ጉበኛዬ ገደለኝ» አሉ። ሌላ ሳይጨምሩ ዐረፉ። አልጋቸው አጠገብ ሚስታቸው የብርጓል፣ በቅኔ ቤቱ ቀኝ እጃቸው የነበረው ወልደ ገብርኤልና ከደጀን ተጠርቶ የመጣው ታናሽ ወንድማቸው አበረ ነበሩ፤ ሦስቱም ሰምተዋል። ጉበኛ ማለት ጠባቂ መሆኑን መጽሐፍ ያነበበም ሲነበብ የሰማም ያውቃል። በዚያ ደብር ደግሞ ጠባቂ ከተባለ ከፈንታ ሌላ ማን አለ?

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ፈንታ ዘበኛ መሆኑን የሚያውቁለት ዱላውና ጋቢው ብቻ ነበሩ። ጨለማ ይፈራል፤ የፈራ ሰው ይከናነባል፤ የተከናነበን ሰው ደግሞ እንቅልፍ ይወስደዋል። በሁዳዴ መጨረሻ ከቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍ ሲሰረቅ እሱ በሩ ሥር ሲያንኮራፋ ተገኘ። መሪጌታው በሕዝብ ፊት «የእኛ ዘበኛ እንኳን ሌባ፣ ሞት ቢመጣ አይነቃ» ብለው አሳቁበት። ፈንታ ዱላውን መሬት ላይ መታና «እኔ የነቃሁ ዕለት ያዩኛል!» አለ። ሕዝቡ ይበልጥ ሳቀ። ያቺ ያን ቀን ያሳቀች ንግግር አሁን ገመድ ሆና አንገቱ ውስጥ ገባች።

እሷ ብቻ በሆነች ደግ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ጸጸት ቢነሣበት፣ ለእርቅ ብሎ አንድ ቅል ማር ይዞላቸው ሄዷል። መሪጌታው አልጋ የያዙት በዚያው ሰሞን ነው።

አበረ የወንድሙን ዓይን ከድኖ ወጣና ጠመንጃውን አቀባበለ። ሽማግሎች ቀድመው ፈንታን ከሰንበቴ ቤት ከተው ከውጭ ቆለፉበት፤ አንዱ ኮረብታ ላይ ወጥቶ፣ ስልኩ የሚይዝበትን ቦታ ፈልጎ ማርቆስ ከተማ ላለው ፖሊስ ደወለ። ፈንታ በባዶ ጋኖቹ መካከል ተቀመጠ። የጮቄ ተራራ ብርድ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ እሱ ያልበው ነበር። ሚስቱ ሽታዬ ከአጥሩ ውጭ ስታለቅስ ይሰማታል። በዚያ አገር ሟች አፉ ላይ ባነሣው ሰው ሌላ ምስክር እንደማይጠራበት ያውቃል፤ አበረ ደግሞ የተናገረውን የሚያደርግ ሰው ነው።

«ፈንታ የምትባለው አንተ ነህ?»

በሩ ሲከፈት የታየችው አጠር ያለች ደንዳና ሴት ናት። ከፖሊስ ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባለች። ኢንስፔክተር ደብሪቱ ትባላለች። አባቷ አምበር ገበያ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እሷም በስፌት መኪናው ሥር ቁራጭ ጨርቅ ስትለቅም ስላደገች፣ ሰው ስታይ ከፊቱ በፊት ስፌቱን ታያለች ይላሉ።

«እኔ ነኝ እመቤቴ። እኔ አልገደልኳቸውም» አለ ፈንታ።

«እሱን ገና አልጠየቅኩህም። ማሩን ከየት አመጣኸው?»

«ከገዛ ቀፎዬ።»

«ከቤትህ ሰው የቀመሰው አለ?»

«ልጆቼ እስከ ዛሬ ይልሱታል።»

እጁን በካቴና አሰረችውና ሌላውን ጫፍ ራሷ ያዘችው። «ስማኝ። ይዤ የመጣሁት አንድ ፖሊስ ነው፤ እሱም ሬሳውን ይጠብቃል። ከእኔ ካልራቅህ አይተኩሱብህም። ከራቅህ ግን አላውቅልህም» አለችው።

ፈንታ ከዚያ ወዲያ ከጎኗ ንቅንቅ አላለም። ሰው ታስሮ ደስ የሚለው ካለ፣ በዚያ ቀን እሱ ነበር።

መሪጌታው በነጭ ተገንዘው ተኝተዋል። ደብሪቱ ይቅርታ ጠይቃ የፊታቸውን ገለጠች፤ የዓይናቸውን ቆብ በጣቷ አነሣች። ፈንታ ማየት አልፈለገም፤ ካቴናው ግን ስቦ አሳየው። የዓይናቸው ነጭ የአደይ አበባ ሆኗል። ድዳቸው ላይ ደም ደርቋል። ግድግዳ ተደገፈ። ማር ይህን ያደርጋል እንዴ? ቀፎው ውስጥ እሱ ያላየው ምን ገብቶ ይሆን? የራሱን ማር ተጠራጠረ።

ደብሪቱ ግን ከራስጌ የተሰቀለውን ቀሚሳቸውን አውርዳ አንገትጌውን በጣቶቿ ትዳብስ ነበር።

«እትዬ የብርጓል፣ ይኽን ተርትሮ ያሰፋው ማነው?»

የብርጓል ፊቷ በለቅሶ አብጧል። «እኔ ነኝ። አንገታቸው አልገባ ቢል።»

«መቼ?»

«በሁዳዴ። ሰው በጾም ይከሳል፤ እሳቸው ፊታቸው እንደ ድፎ ሞላ። እግዜር የወደደውን በጾምም ያጠግባል ብዬ ዝም አልኩ።»

«እጅጌውንስ አሰፉት?»

የብርጓል ጥያቄው ገረማት። «እጃቸውማ ቀጭን ነው። እንዲያውም ቀለበታቸው እየወለቀ አስቸግሯቸው ነበር።»

«ይተኙ ነበር?»

«የት አባቱ። ሌቱን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥሩ ያድራሉ። ደስተኛ ነበሩ እኮ። ያ ሲሰግዱ የሚያስቃስታቸው ጉልበታቸው እንኳ ተሽሏቸው ነበር።»

«ታዲያ ሕመሙ በምን ጀመረ?»

«ከፋሲካ በኋላ ጉልበታቸው እንደገና ተያዘ። ሰውነታቸው ዛለ። ቀጥሎ እህል ዘጋቸው፤ ማስመለስ መጣ። ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ከዚያማ ሰው ማወቅ አቃታቸው።»

«ማሩን የቀመሱት እህል ከዘጋቸው በፊት ነው በኋላ?»

የብርጓል ፈንታን አየችው፤ ዓይኗን ቶሎ ሰበረች። «በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ልሰው አስጠላኝ አሉ። የቀረውን ተማሪዎቹ በቂጣ ጨረሱት።»

«የታመመ ተማሪ አለ?»

«የለም።»

ፈንታ ትንፋሹ ተመለሰች። ግን ብዙም አልቆየች፤ ቀጥሎ የተጠራው ወልደ ገብርኤል ሲገባ ከእሱ የባሰ የሚንቀጠቀጥ ሰው አየ። ወልደ ገብርኤል የመሪጌታውን ወንበር እንደሚወርስ ሁሉም ያውቃል። ፈንታ «እሱ ይሁን፣ አምላኬ፣ እሱ ይሁን» ብሎ በልቡ ለመነ፤ ወዲያው በራሱ አፈረ። ፍርሃት ሰውን ክፉ ያደርጋል።

«የኔታን ቅጠል አጠጥተሃቸዋል ይባላል» አለች ደብሪቱ።

«አጠጥቻለሁ። ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ወፍ መታቸው ብዬ፣ ለወፍ በሽታ የሚሰጠውን ነው የጨመቅሁላቸው። ኢንስፔክተር፣ ገድያቸው ከሆነ ሳላውቅ ነው።»

«ቢጫ የሆኑት ከጠጡ በፊት ነው?»

«በፊት ነው። ባይሆንማ ለምን አጠጣቸዋለሁ?»

«ጉበኛ የሚለውን ቃል ከዚህ ቀደም ከአፋቸው ሰምተሃል?»

ወልደ ገብርኤል መንቀጥቀጡን ተወ። የቅኔ ሰው ስለ ቃል ሲጠየቅ ሞትም ቢሆን ትንሽ ይጠብቀዋል። «ባለፈው ዓመት ነው። ለታመመ ዘመዳቸው ደም ሊሰጡ ማርቆስ ሄደው፣ ሳይሰጡ ተመለሱ። ያን ሰሞን በአማርኛ እንዲህ ብለው ነበር» አለና ዓይኑን ጨፍኖ አወረደው፦

«ሌባና ጉበኛ ተላምደው ሲኖሩ፣
ቤቴ ደኅና ነበር ሳይዘጋ እንኳ በሩ፤
ጉበኛዬን አደራ አትቀስቅሱብኝ፣
ሌባ አባርራለሁ ሲል ቤቴን እንዳይፈጅብኝ።»

«ሰሙ ገባኝ። ወርቁስ?» አለች ደብሪቱ።

«ጠይቀናቸው ነበር። ሳቁና “ወርቁን እኔው ተሸክሜዋለሁ” አሉን። ከዚያ በኋላ ስለ ወርቁ ማንም አልጠየቀም።»

ደብሪቱ ልትናገር ስትል ከውጭ ጩኸት ተሰማ። አበረና ሁለት የአክስቱ ልጆች ከፈንታ ጓሮ እየመጡ ነው። አበረ በእጁ ረጅም ክር ይዟል፤ በክሩ ላይ ብልጭልጭ ወረቀቶች ተሰክተው በነፋሱ ይንቀጫቀጫሉ።

«ይኸው!» አለ አበረ። «የመርዙ ልባስ! ጎመን መደቡ ላይ እንደ ጌጥ ሰቅሎት አገኘነው። ገድሎ ሲያበቃ አጌጠበት!»

በሌላ እጁ የያዘው ጠመንጃ አፈሙዝ የፈንታ እምብርት ላይ ዐረፈ። ደብሪቱ በዝግታ መካከላቸው ገባች፤ በእጇ አፈሙዙን ወደ መሬት ዝቅ አደረገችው፤ የሻይ ብርጭቆ እንደምታወርድ እንጂ የጦር መሣሪያ እንደምትነካ አልመሰለችም።

«ፈንታ፣ ይኽን ከየት አገኘኸው?»

«ከመሪጌታ ቤት ኋላ፣ ከካቡ ሥር» አለ፤ ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «ስጠርግ አገኘዋለሁ። ባዶ ነው። ሲያብረቀርቅ ወፍ ያባርራል ብዬ … የጎመን ዘሬን እየለቀሙ አስቸግረውኝ ነው እመቤቴ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ማግኘት የተውከው?»

«ከፋሲካ ወዲያ አላገኘሁም።»

አንዱን ወረቀት ከክሩ ላቀቀች፤ ጀርባውን ገልብጣ አነበበች። ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ለመሄድ የተነሣች መስላ አበረን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ካፖርቱ የእርስዎ ነው አቶ አበረ?»

«የማን ሊሆን ኖሯል?»

«ቁልፉ አልደርስ ብሎ ነው።»

«ደጀን ሥጋ አይጠፋም» አለ አበረ በንቀት።

«ክንድዎን ግን አልደረሰውም» አለች ደብሪቱ።

ሬሳው በዚያው ከሰዓት በፖሊስ ፒክአፕ ወደ ማርቆስ ተጫነ። ፈንታም አብሮ ተጫነ፤ ከሟቹ ጋር ጉልበት ለጉልበት። መንገዱ በነጠረ ቁጥር ግንዙ ይንቀሳቀሳል፤ እሱም ይማጸናል። «የኔታ፣ እባክዎን፣ እኔ አይደለሁም ይበሉ።» ሮብ ገበያ የምትባለዋን ከተማ ሲያልፉ መንገደኛው ቆሞ አየው። ገዳይ ሲያዩ እንደዚህ ነው የሚያዩት አለ በልቡ፤ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ከሆስፒታሉ በር ላይ ዶክተር ፍቅረ ሥላሴ የሚባል ሐኪም ወጣ። የሟቹን ፊት ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። «አውቃቸዋለሁ» አለ። «እኔ ነበርኩ የነገርኳቸው።» ከዚያ በኋላ ያወሩት ራቅ ብለው ነው። ፈንታ ከመኪናው ላይ ቁርጥራጭ ብቻ ሰማ፤ «ጉበት» የሚል፣ «ፊታቸው ወፍሮ ነበር?» የሚል። ምርመራው አልቆ ሐኪሙ እንደገና ሲወጣ ደብሪቱ ያቺን ብልጭልጭ ወረቀት ሰጠችው። አነበባትና ግንባሩን ያዘ። እሷ ደግሞ አንድ ነገር ጠየቀችው። ሐኪሙ መልሱን ጮክ ብሎ ነው የተናገረው፤ «ቶሎ! ነገ ዛሬ ሳትይ!»

መሽቶ መንገዱ ስለማያስኬድ ፈንታን በጣቢያው አሳደሩት። በማግስቱ ሬሳውን ይዘው ሲመለሱ ደብሪቱ ከሹፌሩ ጎን አልተቀመጠችም፤ ከኋላ ከእሱ ጋር ተቀመጠች። ሌላ እስረኛ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አትነግረውም ነበር፤ ግን ፊቱ አሳዘናት።

«ፈንታ፣ የገደላቸውን ዐውቄያለሁ» አለችው።

«ማነው?»

«አንተ አይደለህም። የሚያስፈራኝ ግን እሱ አይደለም። የሚያስፈራኝ ቀጥሎ የሚሞተው ነው።»

ፈንታ ቀጥሎ የሚሞተው ማን እንደሆነ አልጠየቀም። የሚያውቀው መሰለው።

ከቀብር መልስ ሽማግሎቹ፣ የብርጓል፣ ወልደ ገብርኤልና አበረ በሰንበቴ ቤቱ ተሰበሰቡ። ፈንታ ዛሬ ካቴና የለበትም፤ ይኽ ደግሞ ይበልጥ አስፈራው፣ ምክንያቱም የሚይዘው ሰው የለም። ሽታዬ ከበሩ ውጭ ቆማ በስንጥቁ ታያለች። አበረ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«መሪጌታን የገደላቸው ጉበኛቸው ነው» አለች ደብሪቱ። «ራሳቸው የተናገሩት እውነት ነው።»

የአበረ እጅ ወደ ቃታው ሄደ።

«ጉበኛቸው ግን ይህ ሰው አይደለም። እጅዎን ከዚያ ያንሡና ይስሙኝ፤ ከተሳሳትኩ ጠመንጃዎ የትም አይሄድም።»

ካንድ ሽማግሌ «እንስማት» የሚል ድምፅ መጣ። አበረ እጁን አነሣ።

«ማሩን ልጆችም ተማሪዎችም በልተውታል፤ የታመመ የለም። መሪጌታ የላሱት እህል ከዘጋቸው በኋላ ነው። ማሩ ነጻ ነው። ቅጠሉን የጠጡት ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ወዲያ ነው። በሽታው ቀድሞታል። ወልደ ገብርኤልም ገዳይ አይደለም። ታዲያ ጉበኛ ማነው? መሪጌታ ይኽን ቃል የተናገሩት ባለፈው ዓመት ነው፤ ምንጣፉ ሳይሰረቅ፣ ከፈንታ ጋር ሳይጣሉ። ከማርቆስ ሲመለሱ ነው የተናገሩት። እዚያ ምን ሰሙ?»

ደብሪቱ ጥያቄዋን ራሷ መለሰችው።

«ደማቸውን አንቀበልም ተብለው ነበር። ደማቸው ውስጥ ቫይረስ ተገኘ፤ እናንተ የወፍ በሽታ የምትሉትን የሚያመጣ። ምናልባት ከእናታቸው ሲወለዱ ጀምሮ አብሯቸው የኖረ ነው። የሚኖረው ጉበት ውስጥ ነው። ሐኪሙ እንዲህ አላቸው። “የሰው ሰውነት ጠባቂ አለው። ባዕድ ሲገባ አሳድዶ ይገድላል። የእርስዎ ጠባቂ ግን ከዚህ ሌባ ጋር ዕድሜ ልኩን ሲታገል ደክሞታል፤ ዱላውን ታቅፎ ተቀምጧል። ሌባውም አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። እስካሁን ጉዳት የለም። ግን ያልታዘዘልዎትን መድኃኒት እንዳይወስዱ። ጉበትን የሚያጠፋው ሌባው ራሱ አይደለም። ጠባቂው ነው፤ ሌባውን እይዛለሁ ሲል የተደበቀበትን ቤት ያቃጥላል።”»

ወልደ ገብርኤል ቀስ ብሎ ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ኅብሩ» አለ። «ሰሙና ወርቁ የተጋጠሙበት ኅብር እዚያው ቃሉ ላይ ነበር። ጉበኛ … ጉበት። የጉበቴ ጠባቂ ማለታቸው ነው። ዓመት ሙሉ ስናዜመው ወርቁ አልታየንም።»

«ሊሞቱ ሲሉም ወርቁን ነው የነገሯችሁ። እናንተ ሰሙን ይዛችሁ ሰው ልትገድሉ ነበር» አለች ደብሪቱ።

ፈንታ እንባው ሲወርድ አልተሰማውም። ሽታዬ ከውጭ «ተመስገን» ስትል ሰማ። አበረ ግን አልረካም።

«እና የተኛውን ማን ቀሰቀሰው? ተኝቶ ኖሯል፤ ለምን ዘንድሮ?»

«እሱን ነው እኔም የጠየቅኩት» አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አንገትጌው ነገረኝ። ፊትና አንገት ሞልቶ ክንድ የሚቀጥን፣ በጾም የሚያስርብ፣ እንቅልፍ የሚነሣ፣ የጉልበት ሕመም የሚያጠፋ ነገር አለ። ኪኒን ነው፤ ፕሬድኒሶሎን ይባላል። ሐኪም ለክቶ ሲሰጠው ብዙ ሰው ያድናል። ሥራው ያንን ጠባቂ ማስተኛት ነው። መሪጌታ ጉልበታቸው ተሻላቸው፤ ውስጣቸው ግን የደከመው ጠባቂ ጭልጥ አድርጎ ተኛ። ሌባው ጠያቂ አጣ፤ ተዋለደ፤ ቤቱን ሞላ። ያኔ ኪኒኑ በአንድ ቀን ቆመ። ጠባቂው በርግጎ ነቃ። ቢያይ ቤቱ በሌባ ተሞልቷል። ምን ያድርግ? እሳት ለቀቀበት።»

ከኪሷ ያቺን ወረቀት አወጣች። «ባዶውን ከካቡ ሥር ይጥሉት ነበር። ሌላውን በጸሎት የሚያጽናኑ መምህር ኪኒን ይውጣሉ መባሉን አልወደዱትም ይሆናል። ፈንታ ለቅሞ ወፍ አባረረበት። ከፋሲካ ወዲያ ግን ወረቀት አልተገኘም። አሁን የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ማን ያመጣላቸው ነበር? ለምንስ ተወ?»

ፈንታ ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው አንከራተተ፤ በመጨረሻ የደብሪቱ ዓይን ወዳረፈበት ዞረ። ያ ሞላ ያለ ፊት፤ ያ የማይቆለፍ ካፖርት፤ ጠመንጃውን የያዙት ቀጫጭን ክንዶች። ወንድማማቾቹ ዘንድሮ አብረው አማረባቸው ሲባል እሱም ሰምቶ ነበር።

«አቶ አበረ፣ በካፖርትዎ ኪስ ያለውን ያውጡት» አለች ደብሪቱ።

አበረ ቆይቶ አወጣው። ያው ብልጭልጭ ወረቀት ነው፤ ነጫጭ ኪኒኖቹ ግን አሉበት።

«ወገቤን ያመኝ ነበር» አለ። «ጭነት ሳወጣ ሳወርድ። ደጀን አንድ ባለሱቅ ሰጠኝና ዳንኩ። ወንድሜ ሲሰግድ ሲያቃስት ባየው ጊዜ አሳዘነኝ። እያመጣሁ ሰጠሁት። መድኃኒት ነው እኮ። መርዝ አይደለም።»

«ለምን አቆሙ?»

አበረ መሬት መሬት አየ። መልሱን የሰጠችው የብርጓል ናት። «የዳግም ትንሣኤ ዕለት በእናታቸው መሬት ተጣሉ። “ደጅህን ብረግጥ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ” ብሎ ምሎ ሄደ። ከዚያ የመጣው ሊሞቱ ሲሉ ነው።»

«ኪሴ ውስጥ ነበር» አለ አበረ። «ያን ዕለት ላመጣለት ይዤው ነበር። በንዴት ይዤው ተመለስኩ። ለጉልበቱ እኔን ይለምን ብዬ።» ቀና አለ። ዓይኑ ከአንዱም ሰው ላይ አላረፈም። «ደሙን እመልሳለሁ ብዬ ምያለሁ። ከማን ልመልሰው?»

ጠመንጃው ከጉልበቱ ላይ ዞረ፤ አፈሙዙ ወደ ራሱ አገጭ ወጣ። ፈንታ እስከ ዕለተ ሞቱ ከየት እንዳመጣው ያላወቀው ነገር ያን ጊዜ መጣበት፤ ዘሎ በርሜሉን ያዘ። ያ ጥላውን የሚፈራ ሰው። ከእሱ ጋር የብርጓልም ያዘች። ጠመንጃውን አበረ ለቀቀላቸው እንጂ ጉልበት አላሸነፈውም።

«አበረ» አለችው የብርጓል፤ «ወንድምህ ሳያቃስት ሲሰግድ ያየሁት በአንተ ነው። ይኽንንም ይዘህ ኑር።»

አበረ ኪኒኖቹን መሬት ላይ ወረወረና በጫማው ሊረግጣቸው እግሩን አነሣ።

«እንዳትረግጠው!» አለች ደብሪቱ። ከመጣች ጀምሮ ስትጮህ የተሰማችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ አንቱታውም ቀረ። «ከዋጥክ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ምን?»

«ኪኒኑን! መጨረሻ የዋጥከው መቼ ነው?»

«ወንድምህ ሊሞት ነው ብለው ሲጠሩኝ … ከዚያ ወዲህ ምን ዋጥኩ? እህልም አልዋጥኩ።»

«አንተና ወንድምህ ከአንድ ማኅፀን ነው የወጣችሁ። ሌባው ከእናታችሁ ከሆነ የመጣው፣ አንተም ጋ ይኖራል። ስንት ወር አስተኝተኸዋል ጠባቂህን? አሁን ደግሞ ተውከው። ሐኪሙ የነገረኝ ይኽን ነው፤ በአንድ ጊዜ እንዳይቆም፣ በሐኪም እጅ በጥቂት በጥቂቱ እየተቀነሰ፣ ደሙ ተመርምሮ፣ ሌባውን የሚያስር ሌላ መድኃኒት እየተሰጠው ነው መንቃት ያለበት። አሁኑኑ ማርቆስ ትሄዳለህ። እስከዚያው አንሣና ዋጥ።»

«ወንድሜን የገደለውን?»

«ወንድምህን የገደለው መቆሙ ነው።»

አበረ አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ ፈንታ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን ከመሬት አነሣ፤ በጋቢው ጫፍ አፈሩን ጠረገ፤ አንዱን ኪኒን ፈልቅቆ በመዳፉ ያዘለት። ትናንት የዚህ ሰው አፈሙዝ እምብርቱ ላይ ነበር። ቢቸግረው «አያ አበረ፣ እንካ» ብቻ አለው።

አበረ ዋጠው። የብርጓል ውሃ አቀበለችው።

ፒክአፑ ሲነሣ ደብሪቱ ከሹፌሩ ጎን ገባችና በመስኮቱ ወደ ኋላ «ፈንታ፣ የቀረውን አንተ ያዘው፤ እንዳይጥለው ጠብቅ» አለች። ሁለቱ ሬሳው ተኝቶበት በነበረው ቦታ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች።

«ፈንታ» አለ አበረ መንገዱ ሲጋመስ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኗል። «ዓይኔን እስቲ እይልኝ። ነጭ ነው?»

ፈንታ ጠጋ ብሎ አየ። የማታዋ ፀሐይ ማሳውን፣ የመንገዱን አቧራ፣ የፈንታን የራሱን እጅ ሳይቀር ቢጫ አድርጋዋለች። የአበረ ዓይንም በዚያ ብርሃን ውስጥ ነበር። ብዙ አየ። መለየት አልቻለም።

«ነጭ ነው አያ አበረ» አለው።

አበረ ራሱን ከመኪናው ጎን አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ፈንታ ኪኒኖቹን በጡጫው ጨብጦ፣ እስከ ማርቆስ ድረስ ሳያሸልብ ጠበቀው።